የአሞራ ገደል ድር

አባ ኮዳ ሳይቀድመኝ፣ ላታሞ የገፈፈውን
የቆሮሶ ቆዳ፣ የሐዋሳ ሐይቅ ያለበሰውን፣
በፌስታል ስቋጥር አሞራ ገደል ዳር፣
“ለምንሽ ነው?” አለኝ። “ልፈትለው ነበር።”
“ጥጥ ጠፋ እንዴ?” አለ፤
ቢላውን ጠረገ፣ ሌላ ዓሣ ቀጠለ።

ቀቅዬ፣ አጥልዬ፣ ጄላቲኑን አወጣሁ፤
ለሐይቅ ልጅ ውኃ ይበቃል ብዬ ተሳሳትሁ።
አሥራ ስምንት ሺ ቮልት ከኋላ ቢገፋው፣
በጧቱ ቅዝቃዜ
መርፌው አፍ ላይ ረጋ፤ ያልረጋውም አልፎ
ፎይሉን አዥጎረጎረው ጠብ ጠብ ተራግፎ።

“ያሟሚው ነው ጥፋቱ” አለች ትርንጎ ገብታ፣
ጠርሙስ አቀበለችኝ አፍንጫዋን ዘግታ።
አሴቲክ አሲድ ነው፤ ሽታው አቸቶ፣
ዓይኔን እያስነባኝ ጉሮሮዬ ገብቶ።
ያ ግትር ሙጫ ግን ተፍታታ፣ ለዘበ፤
ከመርፌው ተሳበ፣ ነጭ ጭጋግ ዘነበ።

መብራት ሄደ። በስልኬ ብርሃን አየሁት፤
ትንፋሼ ሲያርገበግበው፣ ትንፋሼን ዋጥሁት።

በወረቀት አቅፌ ለላታሞ ወሰድሁ፤
“ቆዳህ ይኸውልህ” አልሁ።
ዳሰሰው። እጁ ግን ገና እርጥብ ነበረ፤
ድሩ ጣቱ ላይ ሟሙቶ ውኃ ሆኖ ቀረ።
“ዓሣ አይደል?” አለኝ፣ ቢላውን እያነሳ።