ያለ መሰላል

አርባ ዓመት ሙሉ ቤትህን ጠገንሁ፤
ሳንቃውን ላግሁለት፣ ምሰሶውን አቀናሁ፣
የትኛው ማገር እንደሚያቃስት ከነፋሱ ቀድሜ አወቅሁ።
ቺሎዌ ደሴት ላይ ዝናብ ቤተኛ ነው፣
ከሰው ቀድሞ ገብቶ ከሰው ኋላ ነው የሚወጣው።
ቄስ በዓመት አንዴ በጀልባ ይመጣል፣
ያጠምቃል፣ ይድራል፣ ሙታንን ይፈታል፣
ማዕበል ሳይነሳ ቸኩሎ ይሄዳል።
የቀረውን ወራት
ቁልፉ ከዶሚቲላ፣ መዶሻው ከእኔ ቤት።

ሰዉም ስም አወጣ፦ «ናዌልኪን አናጢው፣ የእግዜር ቤተኛ!»
ምኔ ነው ቤተኛ?
በጓሮ ገብቼ በጓሮ የምወጣ የቀን ሠራተኛ፣
ባለቤቱን ሳላይ ሳንቃ ብቻ ቆጥሬ ማታ የምተኛ።

ሚስቴ ኦርፌሊና ግን ታወራህ ነበር፣
ድንች ስትልጥ፣ የተቀደደ መረብ ስትቋጥር፣
ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚያወጋ በአጥር።
አንዳንዴ ትቆጣህ፣ አንዳንዴ ትስቅብህ፤
«ከማን ጋር ነው?» ስላት፣ «ከማን መሰለህ?»
ከሄደች ሁለት ክረምት፤ ወጥ ቤቱ ዝም አለ፤
አንተንም ይዛህ የሄደች መሰለ።

በነሐሴ ወጀብ ክዳኑ ተነቅሎ
ወጣሁ እንደ ልማዴ፣ መጋዜ ከትከሻዬ ተንጠልጥሎ።
አያቶቻችን ከጀልባ በቀር ማነጽ አያውቁም ነበርና
ጣራህን የሠሩት ጀልባ ገልብጠው ነው፤ ከሆዱ ገባሁና
ጥግ ጥጉን ስዳብስ
ነፋሱ መሰላሌን ገፋው፤ ሰማሁት መሬት ሲደርስ።
መዶሻዬም ተከተለው።
ጮኽሁ። ባሕር ብቻ ነው የመለሰው።
መሸ።

እንግዲህ ተቀመጥሁ።
ባዶ እጄን፣ በቤትህ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ገና ዛሬ ተቀመጥሁ።
እጄን የት ላድርገው? እንደ ተገሠጸ ልጅ ጉልበቴ ላይ አኖርሁ።

ከግራ በኩል ጠብ… ጠብ…
«ይህ ያፈሳል» አልሁህ።
አፌን የፈታሁት በምስጋና አይደለም፣ በመዝሙርም አይደለም፣
በጣራ ፍሳሽ ነው፤ ሌላ ቃል አልነበረኝም።
«ነገ እደፍነዋለሁ» አልሁ ደግሞ፤ አንተ ዝም፣
ዝናቡ ግን ዝም አላለም።

ወሬ ወሬን ወለደ፤ ጨለማው አደፋፈረኝ፦
«አንተም አናጢ ነበርህ ይባላል፤ እስቲ ንገረኝ፣
ስንጥር ጥፍርህ ሥር ገብቶ ያውቃል?
ጠማማ ስትቆርጥ ዮሴፍ ይቆጣሃል?
እርጥብ ጥድ ሲላግ እንደ ሕፃን ያለቅሳል፤ ትዝ ይልሃል?
ይህን ቤት ያያያዝነው በእንጨት ሽብልቅ ነው፤
አንድ ምስማር የለበትም።
‹ብረት ውድ ነው› ይል ነበር አባቴ፣ ምክንያቱን ስጠይቀው።
እኔ ግን ዛሬ ሌላ ታየኝ፤
ችንካርንስ አንተ ታውቀዋለህ።»

እዚህ ላይ ድምፄ ተሰበረ።
የቀረው ወሬ ለማንም ያልተነገረ፦
ያቺን ሌሊት ነገርሁህ፤ እሷ ስታጣጥር፣ እኔ ደጅ ወጥቼ
እንጨት ስፈልጥ ማደሬን፣ የሚነድ ሞልቶ ሳለ፣ እጇን መያዝ ፈርቼ።
ከአንተም ጋር እንዲሁ፤
አርባ ዓመት በመዶሻ ጩኸት ተሸሽጌ ኖርሁ፣ እጅህን ፈርቼ።

መልስ አልሰጠኸኝም። አልዋሽም፤
ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም።
ብቻ፣ ጨለማው ባዶ አልነበረም።
ጀርባውን ሰጥቶ ቢሠራም
የሥራ ባልደረባ መኖሩ እንደሚታወቅ፣
እንደዚያ።

ጎሕ ሲቀድ ዶሚቲላ ቁልፏን አንቀጫቅጫ ገባች።
ሽቅብ አየች፣ አማተበች።
«አንተ ሰውዬ! እዚያ ነው ያደርኸው? ብቻህን?»
መልሱ ከአፌ ደርሶ ዋጥሁት።
መሰላሉን ጎትታ ልታቆም ስትታገል
«ቆይ» አልኋት፣
«ጥቂት ቆይ፤
ወሬ ጀምረን ነበር።»