ለየራሱ ድንጋይ

ኅዳር፣ ደብረ ብርሃን። ውርጭ መሬቱን ነክሶ፣
የአሥራ ሰባት ቁልፍ ከጣቴ ቆዳ ቀንሶ፣
ወንድሜ ማሙሸት ከአዲስ አበባ ተመልሶ፣
በአይሱዙ ጀርባ፣ ከስሚንቶ ጋራ፣
የተጋጨች ሯጭ መኪና ኋላ አስፈትቶ ከሶማሌ ተራ፣
ከጋራዤ በራፍ አራገፈው፦
ክንዱን፣ ሞላውን፣ ሁለት አጭር ሸሚያስ፣
ዘይት የሚያለቅስ ዲፈረንሻል፣ በማዳበሪያ የጠቀለለው።

«ለዲኤክሷ ነው» አለኝ። «አሮጌውን እንቁረጠው።»

ዲኤክሷ የአባባ ናት።
ግማሿ ሰማያዊ ቀለም፣ ግማሿ ስቱኮ፤
ሞተሯ ግን የሌላ፣ የፈረስ መንጋ ነው እኮ!
ከጠባሴ አስፋልት ላይ ስትነሣ የምታስደነግጥ፤
ኋላዋ ብቻ ነው የማይታዘዝ፣
እንደ ደነበረች በቅሎ የሚራገጥ።

አክሰሉ አንድ ወጥ ብረት፣ ቀንበር ነው ለሁለት፤
ቀኙ ድንጋይ ሲነካ ግራው ይዘላል ያለ ጥፋት፤
ግራው ጉድጓድ ሲገባ ቀኙ ያነክስለታል።
«ለያይተን እንስቀላቸው» ይላል ማሙሸት፣
«እያንዳንዱ ጎማ ለየራሱ ድንጋይ ይበቃዋል።»

አልወደድኩትም።
ቀንበሩን አባባ ሠላሳ ዓመት ግሪስ ያጠጣው ነው፤
ደግሞስ አንዱ ሲመታ ሌላው ካላመመው
ጥንድ ነን የሚለው ምኑን ይዞ ነው?

ይህን ስል ጎማ ብቻ አልነበረም ያሰብኩት፤
የአባባን ቀብር ነው ያስታወስኩት፦
እኔ አፈር ላይ ወድቄ ሰው በብብቴ ሲያነሣኝ፣
እሱ የእድሩን ወንበር ይቆጥራል፣
የድንኳኑን ካስማ ይመታል፤
እንባ የለ፣ ሲቃ የለ።
አራት ዓመት ሙሉ ይህ ነገር እንደ ላላ ቡሽ
ደረቴ ውስጥ ይንኳኳል።

ቢሆንም ቆረጥን።
ሲባጎ ወጠርን ከፊት ቸርኬ እስከ ኋላ፤
የጧቱ ልክ ሌላ፣ የማታው ልክ ሌላ።
የቶርኖ ቤቱ ጋሼ ልሳነወርቅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«አንድ ሚሊ ብትስቱ እንደ ሰካራም በጎን ትሄዳለች» ብሎ
ፍላንጁን ሦስት ጊዜ መለሰው።
ሌሊት ወለሏ ላይ ላሜራ ስንበይድ
የጎረቤት አውራ ዶሮ ጮኸ፣
የብየዳው ብርሃን ነግቶ መስሎት።
የወጣው አክሰል ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤
እኔ በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩት።

በጽዮን ማግስት ወደ ጣርማ በር ነዳን።
ጉሙ ወፍራም፤ ዋሻውን አለፍን፣ ወረድን።
ኩርባ፤ ደግሞ ኩርባ፤
እዚያ፣ ከአፋፉ የተንከባለለ፣ ድስት የሚያክል ድንጋይ፤
በግራችን ሽቅብ የሚያቃስት ከባድ መኪና፣
በቀኛችን ገደል፤ በመስታወቱ ጉም እንጂ የለ ሰማይ።

ቀኝ የኋላ ጎማችን ወጣበት።
ያን ወገቤ የሚያውቀውን ውርወራ ጠበቅሁት።

አልመጣም።

ቀኙ ብቻውን ወጣ፣ ብቻውን ወረደ፤
ግራው አስፋልቱን ነክሶ መንገዱን ሄደ።
እሱም ለወንድሙ ብሎ አብሮ ቢዘል ኖሮ፣
ገደሉ ነበር የሚቀበለን፣ አፉን ከፍቶ አድሮ።

«ወንበሩ ስንት ነበር?» አልኩት ድንገት።
«የቱ ወንበር?»
ኩርባ ላይ ነበርን፤ መሪውን እስኪመልስ ዝም አልኩ።
ከኩርባው ሲወጣ፣ ዐይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣
«መቶ አርባ» አለ። «ሦስቱ እግራቸው የተሰበረ።
በአንዱ እኔ አደርኩበት፣
ከድንኳኑ ጀርባ፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ።»

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት፤
ማሙሸት አንድ ኩባያ ሲያስለካ
እኔ ተንበርክኬ ጎማዎቹን ዳሰስኳቸው።
የግራው የውስጥ ጠርዙ ግሏል፤
ካምበሩ ገና ነው።
ነገ ደግሞ ሲባጎ ይወጠራል።