የፌርማታው አግዳሚ

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ነታንያ ተኝታ፣
ከሌሊቱ አሥር ተኩል፣ አውቶቡስ እስኪመጣ፣
የምቀመጥባት አግዳሚ ነበረች፣
አንድ እግሯ አንካሳ፣ ቀለሟ የነጣ፣
ጀርባዬን ከእህቴ ይልቅ የምታውቅ።
እሑድ ሌሊት ብደርስ
የለችም።

መስታወት እንደ በረዶ አስፋልቱን አልብሶታል፣
ብረቷ ተጣጥፎ ግንቡ ሥር ወድቋል፣
ቢጫ የፖሊስ ሪባን በባሕር ነፋስ ይርገበገባል።
"ማን ነው?" አልኩት ሾፌሩን። "አልሰማሽም እንዴ?
ዘጠኝ ቁጥሩ፣ በዘጠኝ ሰዓት፤ ኦፊር፣ የቢያድጌ ልጅ።
ጠጥቶ ሲነዳ ነው አሉ።"
"አሉ" የምትለዋ ቃል ከእኔ ቀድማ ወረደች፤
ቲኬት ሳትቆርጥ ከተማውን ዞረች።

ዳቦ ቤት ገባች፦
ባለቤቱ ፎቶውን ከሚዛኑ በላይ ከሰቀለበት አወረደ፣
ሚስማሩን ግን አልነቀለም፤
ነጻ ቢወጣስ? ሚስማር በከንቱ አይባክንም።
ጸጉር ቤት ገባች፦
ኤልዳድ ምላጭ እንዳነሳ፣ "ካሜራው የታለ?" አለ፣
"የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን እስከ ቤቱ በሸኙት፣
የኛ ሲሆን ነው እጁን በካቴና የሚያስሩት!"
ወንበሩ ላይ ያለው ሰው፣ ግማሽ ጺሙ ተላጭቶ፣
በተላጨው ይስማማል፣ ባልተላጨው ይጠራጠራል።
ጎረቤቴ ጋሊና፣ "በዚያ መንገድ ልጄ ይሻገራል" ብላ
ጨረሰች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።
ሬዲዮው፣ ሦስት ዓመት "አጥቂያችን" ሲለው የከረመው፣
ዛሬ ድንገት ወላጆቹ ከየት እንደመጡ ትዝ አለው።
የሰፈሩ ልጆች መለያውን ገልብጠው ለበሱት፣
ዘጠኙን ወደ ገላቸው፣ ስፌቱን ወደ ውጭ፤
አንዱ ብቻ፣ የእህቴ ልጅ፣ እንደወትሮው ለብሶ ወጣ፤
ከንፈሩ አብጦ መጣ።

አቶ ፈረደን ጠየቋቸው፣ በስማቸው ተማምነው።
"ስሙን ያወጣልኝ አባቴ ነው" አሉ፤ "እኔ መች ፈረድኩ?
እኛስ ጠላ ጠጥተን ማታ ስንመለስ፣
በቅሎዋ አልጠጣችም፤
መንገዱን ታውቀው ነበር።"
ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

እኔም ጮኼለት ነበር፣ ባለፈው ግንቦት፣
በመጨረሻው ደቂቃ ያቺን ጎል ሲያገባት፤
ኳስ ምኑም ሳይገባኝ፣ ወጡ እስኪያርብኝ።
ያን ማታ በየበረንዳው "ቢያድጌ! ቢያድጌ!" ሲባል፣
ለአንድ ሌሊት እንኳ
ስማችንን አጣምሞ የጠራ አልነበረም።

አሁን እኔን የጠየቀ የለም።
የምወለውለው ወለል የት እንደሆነ ማን ያውቃል?
ፖሊስ ጣቢያ ነው።
በዚያው ንጋት፣ ኮሪደሩ ጫፍ አገኘሁት፣
ረጅም እግሮቹን አጣጥፎ፣ አንድ ጫማ ብቻ አጥልቆ፣
በቴሌቪዥን ከማውቀው አንሶ፣ ልጅ አክሎ።
ሸተተኝ? አልሸተተኝም?
ባልዲዬ ክሎሪን ሞልቶ ነበር፤ እንጃ፤
ለዚያ ዳኛ አለው።
"እማማ፣ ውሃ" አለኝ በተሰባበረ አማርኛ።
ሰጠሁት። ብርጭቆው ከጥርሱ ጋር ተንቀጫቀጨ።
ቀጥሎ በዕብራይስጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
"አግዳሚው ላይ ሰው ነበረ ወይ? የሚነግረኝ አጣሁ።"

ምን ልበለው?
የተቀማጭዋ ስም ትርንጎ ነው ልበለው?
"እኔና መኪናህ በአንድ ሰዓት ተኩል ተላለፍን" ልበለው?
"ማንም አልነበረም" አልኩት። እውነት ነው።
እውነት ሆኖ ሳለ፣ እንደ ዓሣ አጥንት
ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ይኸው ሳምንት ሞላው።
ከተማው ስለ እግሩ ያወራል፣ ስለ ውሉ፣ ስለ ዘሩ፣
ስለ እናቱ እንባ።
ማዘጋጃ ቤቱ "አዲስ አግዳሚ በቅርቡ" የሚል ወረቀት ለጠፈ፣
ቀኑን ሳይጽፍ።
የሚወቅሰውም ተቀምጦ ነው፣
የሚሟገትለትም ተቀምጦ።
እኔ፣ ከሌሊቱ አሥር ተኩል፣
ክብደቴን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው እያዛወርኩ
ቆሜያለሁ።