ሐዲድ ቀያሪ

ላፕቶፔ የታይዋን ገበያ ነው፣ ባትሪ የለው፤
ከሶኬቱ ብትነቅለው፣ የቀረህ ነገር መቅበር ነው።
ሁለት ፕሮግራም በሆዱ አሉ፤ አንዱ ከበሮ ይመታል፣
አንዱ እንደ ችሎት ጸሐፊ የሰማውን ይመዘግባል፤
ግን አይተዋወቁም። በአንድ ግቢ ሁለት ተከራይ፣
የእጅ ውኃ እንኳ የማይደፉ አንዱ በሌላው ደጃፍ ላይ።
ከበሮው ይዘላል፤ አረንጓዴ መብራቱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤
በመዝጋቢው መስኮት ግን መስመሩ ተጋድሞ ይውላል።

ነስሪን ከመጋላ የመጣችው በዘጠኝ ሰዓት ነበር፣
ለእናቷ “በሦስት ሰዓት” ብላ፣ ቃሏን ትታ ከበር።
ቶላ ከሳቢያን በባጃጅ፣ ኪቦርዱን እንደ ሕፃን አቅፎ፤
ሦስታችን በአንድ ቬንቲሌተር፣
እሱንም ለማይኩ ብለን አጥፍተን፣ ላባችን ጎርፎ።

ነካካሁ። መውጫውን ለወጥኩ፣ መግቢያውን ለወጥኩ፣
ሽቦ የሌለው ገመድ፣ ስሙ ብቻ ያለ ገመድ ዘረጋሁ፤
ከዚያ በየት በኩል እንደሆነ እንጃ፣ ድምፁን ወደ ራሱ መለስኩ—
ጮኸ!
ነስሪን ሄድፎኑን ወረወረች፤
የጎረቤት አውራ ዶሮ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ በማታ፣ ነጋ ብሎ መለሰ።

አባዬ በሩ ላይ ቆመ፣ ሽርጡን እያጠበቀ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ለገሃር ሐዲድ ሲቀይር የኖረ፣
ባቡሩ ከቆመ ወዲህ እጁን ኪሱ ከትቶ የከረመ፣
“ምንድን ነው የተጋጨው?” ብሎ ጠየቀ።
“የጮኸው” አላለም። “የተጋጨው” አለ።

“ከየት ይነሳል?” “ከዚህ።” “የት ይደርሳል?” “እዚያ።”
“መሃሉን አሳየኝ።”
ዝም አልኩ።
ጠመኔ አምጥቶ ተንበረከከ፣ ሲሚንቶው ላይ ሁለት መስመር ጣለ፣
በመካከላቸው አንዲት አጭር፣ እንደ ምላስ ያዘነበለች አከለ።
“ፉርጎ በአየር አይዘልም። በዚች ምላስ ነው የሚሻገረው።
ከደረሰ በኋላ ግን ወደ መነሻው ከመለስከው፣
የሚገጨው ሌላ አይምሰልህ፤ የራሱን ጭራ ነው።”

እንዳለው አደረግኩ። የከበሮውን መውጫ ለማይታየው ገመድ፣
የገመዱን ጫፍ ለመዝጋቢው፤ የመመለሻውን በር ጥርቅም።
ተጫንኩት። መስመሩ ተነሳ፣
መጀመሪያ እንደ ሽታ፣ ቀጥሎ አሸዋው ጠቆር ሲል፣
ከዚያ ከላይ፣ ከደጋው፣ እንደ ደቻ—
ተውኩት። ያ ወንዝ ሰው ወስዷል፤
እኛ ሰፈር ለምሳሌ አይጠራም።
መስመሩ ተነሳ ልበል፣ ይበቃል።

ነስሪን ገባች። ድምጿ ከከበሮው አንድ ጥፍር ያህል ዘገየ።
“አበላሸን!” አለ ቶላ። አባዬ ሳቀ፦
“ባቡር መቼ ሳይዘገይ ቀረ? እኛ መዝገብ ነበረን።
ልኩን ካወቅከው መዘግየት ጥፋት አይደለም፣ ቁጥር ነው።”
ቁጥሩን ጻፍኩ። ገጠመ።

አሥራ አንድ ሰከንድ።
ከዚያ መብራት ሄደ፤ ከዚራ በሙሉ፣ ላፕቶፑም አብሮ።
ነስሪን ጫማዋን በስልክ ብርሃን ፈልጋ ወጣች፤
“በር ላይ የተውኩት ቃል ይጠብቀኛል” አለች።

ጠዋት ስከፍተው አሥራ አንዱ ሰከንድ አለ።
ወለሉ ላይ ያለው ሥዕል ግን ከማታው በዝቷል፤
አባዬ ሌሊት ተነስቶ፣
በዳበሳ መሆን አለበት፣ መስመሩ ጠማማ ነው፣
ሦስተኛ ሐዲድ አስምሯል።
ጫፉ ላይ፣ በዚያ በመዝገብ ጽሕፈቱ፣ “ቶላ፦ ኪቦርድ” ይላል።
በማታው ግርግር እሱን ያሰበ ሰው አልነበረም።