ወረፋ

«ስግደቱ አልሆነልኝም» ብዬ ነገርኳቸው፣
ለመምሬ ጥዑመ ልሳን ጉልበቴን አሳየኋቸው፤
ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ውስጥ ታጥፎ የዋለ ጉልበት
ማታ አይዘረጋም፤ ማጠፊያው እንደ ዛገ መስኮት።
«ጾሙስ?» አሉ።
ጾሙንስ እጾማለሁ፣ እስከ ዘጠኝ እቆያለሁ፣
ዘጠኝ ሲቃረብ ግን ሰው ሁሉ ጠላት ይመስለኛል፣ እሳደባለሁ።
«ጸሎቱስ?»
ውዳሴ ማርያሙ ኪሴ ነው፣ ጠርዙን ላብ በልቶታል፤
ከመናኸሪያ ፒያሳ ስመላለስ ቀኑ ያልቃል።

ዝም አሉ። መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ።
«ሌሊትስ የት ታድራለህ?» አሉ።
«ማደያ። ቤንዚን ወረፋ።»
«እንግዲያስ ገዳም አለህ። ሌላ ፍለጋ አትልፋ።
ባጃጇ በተገፋች ቁጥር፣ አንድ ክንድ ወደ ፊት፣
አንድ አቡነ ዘበሰማያት።
አርባ ሲሞላ ተኛ። ደግሞ ምላስህን እሰር፤
ይህን እንኳ አልቆጥርልህም፤ አንተም ብትሆን አትቁጠር።»

እኔ ደግሞ ቆጠራ ነፍሴ ነው፤ ሒሳብ ሳልይዝ አላድርም፤
አርባ ቆርኪ ለቀምኩ ከግሮሰሪ በር፣ አንድም አልጎደለም።
ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ፣ በየግፊቱ አንድ አንድ፣
እንዲህ ሆኖ ተጀመረ የእኔ የምናኔ መንገድ።

ሐዋሳ ተኝታለች። የሰልፉ ጅራት አይታይም፤
ከሐይቁ የመጣ ቢንቢ ደም ሳይጠጣ አይመለስም።
ከፊቴ ዱካሞ አለ፣ ጴንጤ ነው፣ እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ
በሲዳምኛ ይዘምራል፣ ሰው እንዳይነቃ ድምፁን አቅልሎ።
«ምን እያንቀጫቀጭክ ነው?» ይለኛል ቆርኪውን ሰምቶ፤
«ሒሳብ ነው» እለዋለሁ። ሻይ ያቀብለኛል፣ በፔርሙዙ ክዳን ቀድቶ።

«የዕለት እንጀራችንን» ስል ዓይኔ ላይ ቤንዚን ይመጣል፤
ያው ነው መሰለኝ፤ የኔን ልጆች እሱ ያበላል።
አሥራ ሁለት ላይ አንቀላፋሁ፤ አሥራ ሦስተኛዋን ማን እንዳላት አላውቅም።
ሃያ ላይ እውነት ጸለይኩ። አንዷን ብቻ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ አልሆነልኝም።

ሠላሳ አንደኛዋ ላይ፣ «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» እያልኩ፣
አንድ ልጅ ከጎን ገባ። መብራቱን አጥፍቶ። አየሁ። ጮህኩ።
እናቱን ሰደብኩ። የማላውቃትን ሴት፣ ስሟን እንኳ ያልሰማሁትን፣
ምናልባት በዚያች ሰዓት ተነሥታ ለእሱ የምትጸልየውን።
ስድቡ ሲወጣ ጸሎቱ ገና ከንፈሬ ላይ ሞቆ ነበር፤
ሁለቱም ባንድ በር ወጡ፤ ሌላማ የት አለኝ በር።
ዱካሞ መዝሙሩን አቆመ። ምንም አላለኝም። ዝም።
ከዚያ ዝምታ የባሰ ተግሣጽ ሰምቼ አላውቅም።

ሠላሳውን ቆርኪ ከግራ ኪሴ ዘረገፍኩና
ወደ ቀኝ መለስኩት። አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ እንደገና።

ሊነጋጋ ሲል ቀጂው ወጣ፣ እጁን አወዛወዘ፤
«አለቀ!» ሰልፉ ባንዴ ጡሩምባውን ያዘ።
የእኔ ጠብታ የላትም። ልጁም አልደረሰውም፤
ሁለታችንም እየገፋን ባንድ መንገድ፣ አንተያይም።

«በተገፋች ቁጥር» ብለውኝ የለ? ይኸው መግፋት ያለ ቁጥር፤
ቆርኪው ካደባባዩ በፊት አለቀ፤ ቤቴ ገና አቶቴ ማዶ ነበር።

ዳገቷ ላይ የልጁ ቆመች። ቀጭን ነው፣ አልቻለም።
የእኔን ድንጋይ አስደግፌ ሄድኩ። ከፍቅር ነው ብዬ አልዋሽም፤
መንገዱን ዘግቶብኝ ነው። በእሱ በኩል ካልሆነ ማለፊያ የለም።
ትከሻዬን ከኋላ ሰጠኋት። «በለው» አልኩ።
ሳልጠይቀው ዞሮ «ካያሞ እባላለሁ» አለኝ።
«እናትህ ደኅና ናት?» አልኩት።
ግራ ገብቶት አየኝ።
«ደኅና ናት» አለ።
ገፋን።

ይህችን ግፊት በየትኛው ኪሴ እንደምከታት
አላውቅም።