የንቦች መርዶ

አባቴ አልቻለም፣ እናቴም አልቻለች፤
ወረቀቷን አጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተች።
"ሂድ አንተ ንገራቸው" አሉኝ በማለዳ፣
ገና ጤዛው ሳይረግፍ፣ ወፉ ሳይሰናዳ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቀፎው አሥራ አራት።
በሶቻ ወንዝ ዳር ደንብ ነው፦ ሰው የሞተ ለት
ለንብ ካልተነገረ ንቡ ይኮበልላል፤
ወይ ማሩ ይመርራል፣ ወይ አውራው ይሞታል።

እንጨቱን በጣቴ ሦስት ጊዜ መታሁ፤
"ቦሽቲያን ሞቷል" አልኩ፤ ወደ ሌላው አለፍሁ።
"ቦሽቲያን ሞቷል።" ጆሮዬን ለጥፌ ሰማሁ፦
ያው ነው የትናንቱ፤ ሌላ ድምፅ አጣሁ።

የእኛ ሰው የቀፎን ደጅ በሥዕል ያስጌጣል፤
ንቧም ጎረቤቱም ቤቱን በዚያ ይለያል።
ሰባተኛው ቀፎ ላይ የሳለው እሱ ነው፦
አዳኝ ሞቶ፣ አውሬዎች ሬሳ ተሸክመው፤
ድቡ መስቀል ይዞ፣ ጥንቸል ሻማ አብርታ፣
ቀበሮ አልቃሽ ሆና ደረቷን መትታ።
ለድቡ የሰጠው የቄሱን አፍንጫ፤
አባቴ በቀበቶ አሳጣው መሮጫ።
ሥዕሉን ግን አላጠፋም።

ጀግና ነበር አትበሉኝ። መብረቅ ይፈራ ነበር፤
ሰማይ ሲያጉረመርም አልጋ ሥር ነው የሚያድር።
ለቀጥቃጩ ኡርባን የስድስት ክሮን ዕዳ
ሳይከፍል ነው የሄደ፣ በፉጨት፣ በሜዳ።
ዜማ በማበላሸት አቻ አልነበረው፤
በመዘምራን መሃል አፉን ብቻ ከፍቶ
ዝም እንዲል የታዘዘ እሱ ብቻ ነው።

ደብዳቤው አንድ ነው። በእርሳስ የተጻፈ፣
የሳንሱር ጥቁር ቀለም በላዩ ያለፈ።
"እዚህ ድንጋይ ብቻ ነው፤ አበባ የለም" ይላል፤
"ሊንደኑ አበበ ወይ? ሰባተኛውስ እንዴት ውሏል?
ትናንት አፈሙዜ ላይ
አንዲት ንብ አረፈች፣ ከየት እንደሁ እንጃ፤
እስክትነሣ ድረስ ዝም አለ ጠመንጃ።"

ጥይት አልነካውም።
መድፍ አለቱን መታ፤ አለቱ ተበተነ፤
የገዛ ተራራችን ስንጥር ገዳዩ ሆነ።
ክርን ይሉታል ስሙን፤ በክርኑ ደሰቀው።
(ለቅሶ ላይ በቃል አልጫወትም ነበር፤
ተራራው ቀደመኝ፣ እኔ ምን ላድርገው።)
ያንን ገደል ያውቀዋል፣ እንጆሪ ለቅሞበት፤
ገደሉ ግን እሱን አላወቀው ያን ለት።

የሞተለት ንጉሥ በዓመቱ ወረደ፤
አገሩም እንደ በረዶ ቀለጠና ሄደ።
ሌሎች መጡ። መስቀሉ ላይ ስሙን ቀየሩት፤
በቋንቋቸው ጽፈው "ሴባስቲያኖ" አሉት።
እናቴ አበባ ይዛ ፊደሉን አይታ
"ይሄ የማን ልጅ ነው?" አለች፣ ቆማ ተረትታ።
ደግሞ ሌሎች መጡ፤ "የጠላት ወታደር" አሉት።
ደግሞ ሌሎች መጡ፤ ምንም አላሉት።
ከሁሉ የከበደኝ ይሄ የመጨረሻው ነው።

በዚያው ክረምት ግን ሰም ሸጥኩ፤ ለሻማ ሠሪ።
ስድስቱን ክሮን ይዤ ቆምኩ ከኡርባን በር።
ቆጠረ። አንዱን መለሰልኝ።
"ለፉጨቱ ነው" አለኝ።
ሰሙ ለዕዳው ሆነ፤ ወርቁን እስከ ዛሬ
ስፈልገው አለሁ፣ ሳገላብጥ አድሬ።

የበጋ ንብ ዕድሜዋ ስድስት ሳምንት ነው፤
ይህንን ያወቅሁት ከሸበትኩ በኋላ ነው።
ያን ማለዳ የሰሙኝ በዚያው በጋ አልቀዋል፤
ልጆቻቸው አልሰሙም፣ ሳያውቁት በርረዋል።
ስለዚህ በየዓመቱ፣ ሊንደኑ ሲያብብ፣
ምርኩዜን ተደግፌ፣ በዳገቱ ወርጄ
ሰባተኛውን ደጅ አንኳኳለሁ በእጄ።

"ቦሽቲያን ሞቷል" እላለሁ። "ዕዳው ተከፍሏል።
ሊንደኑ አብቧል።"
ጆሮዬ ደክሟል፤ አይሰማም እንደ ድሮ፤
ግንባሬን ሳስደግፍ ግን ይነዝረኛል ኑሮ።
ሥዕሉን አላደስኩም።
የድቡ አፍንጫ ረግፏል፤
መስቀሉን ግን ይዟል።