የሺህ እመቤት

«ስምሽ ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ ጆማር፣
ከፊሊፒንስ ሆኖ፣ ወጋችን ሲጀምር።
«የሺእመቤት» አልኩት፤ ጣቱ አልጨረሰውም፣
«የሺ» ብሎ ቆረጠው፤ እኔም አልከፋኝም።
ፈታሁለት ስሜን፦ «ሺህ የሚታዘዛት፣
ሺህ ደጅ የሚጠናት፣ ሺህ የሚሰግድላት።»
«እመቤቴ» አለኝ፣ «ደሞዝሽስ ስንት ነው?»
«ከሺህ ትንሽ ያልፋል፤ የወር ነው፣ ብር ነው።»
ሳቁ ስልኬ ላይ ቆመ።
እየጻፈ መሆኑን የሚያሳብቁት ሦስት ነጥቦች
ብቅ አሉ፣ ጠፉ፣ ብቅ አሉ፣
ቃል እንደ ጠፋው ጉሮሮ ሲወጡ ሲወርዱ ዋሉ።

የምንጽፈው በተውሶ ቋንቋ ነው፤
የሱም የኔም አይደለም፣
ቢሰበርም አናዝንለትም።

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር፣ ውርጭ መስኮት ሲልስ፣
ስልኬን እንደ ጫጩት ከብብቴ ስመልስ፣
የኔ ሦስት ሰዓት ለሱ ስምንት ይሆናል፤
እሱ ግን «የምን ስምንት? ሁለት ነው» ይለኛል።
ደምረን፣ ቀንሰን፣ በጣት ተቆጣጥረን
ሰዓት ሳንስማማ እንቅልፍ አመለጠን።

«የምትወጂው?» አለኝ።
ሱፍ የገባበት የገብስ ቆሎ፣
የጠባሴ ረዳት ሲጣራ ድምፁ የሚሰነጠቀው፣
ቢጫ ክር፣
መጨረሻውን ያልሰማሁት የሬዲዮ ድራማ።
«የማትወጂውስ?»
ሰው ሲያዝንልኝ።

እሱ ጥሬ ማንጎ ይወዳል፣ በጨው፣
የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ፣ ከኋላው ጀምሮ የሚያነበው፣
ቆርቆሮ ላይ ዝናብ። ጃኬት ኖሮት አያውቅም።
«ውርጭ ምንድን ነው?» ሲለኝ በቃል አልሆነልኝም፤
በማለዳ ወጥቼ ሣሩን ፎቶ አነሣሁ።
«ጨው ነው?» አለኝ።
«ጨው ቢሆንማ» አልኩት፣ «መቼ ስፌት ገባሁ!»

አንድ ሌሊት ፎቶ ላከ፦
ካርቶን ይዞ አደባባይ ቆሟል፣
አፍንጫውን ፀሐይ ልጦታል።
አክስቱ ሸንኮራ አገዳ ቆራጭ ናት፣
በክብደት ነው የሚከፍሏት፤
ሚዛኑ የባለ እርሻው፣ ቁጥሩም የባለ እርሻው።
«ሁሉም የሱ ከሆነ» አለ፣ «እጇስ የማነው?»
በካርቶኑ ጠማማ ፊደል ሳቅሁ፣
ለአፍንጫው ቅባት መከርኩ፣
ለጥያቄው ግን ደብሪቱን አሰብኩ።

ደብሪቱ፣ የመንዝ ልጅ፣ ከጎኔ ያለው መኪና የሷ ነው።
መርፌው አውራ ጣቷን ወጋው፤
ደሙ ሸሚዝ ላይ ነጠበ፤
የሸሚዙ ዋጋ ከደሞዟ ታሰበ።
የጣቷስ?
ነገርኩት ለጆማር።
«እናንተስ ምን አላችሁ?» ብሎ ጻፈ።
ምን አልን?
ፋሻ አዋጥተን ገዛንላት።
«ተይው፣ ቀን ያልፋል» አልናት።
ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ?
ይኸው ወርቃችንን ታቅፈን ብርድ በላን።
ይህን ልጽፍለት ስል መስመሩ ጠፋ፣
እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ።

አሥራ አንድ ቀን ጠፋ።
ሲመለስ ስልኬ እንደ ታመመ ሰው ተንቀጠቀጠ፦
«የሺ?»
«የሺ፣ አለሽ?»
«ጥያቄዬ ከፍቶሽ ከሆነ ተሳስቻለሁ።»
ሥዕልም ነበረው። ስሎኛል፣ ውርጩ ላይ ቆሜ፤
ባሕር ዛፉን ዘንባባ አድርጎታል፣ ምን ያድርግ፣ አላየም፤
ጣቶቼን ግን ቆጥሬ አልጨርስም፣
ከእጅጌዬ እንደ ሥር ፈልቀው መሬት ይነካሉ።

ጻፍኩለት፦
ጆማር፣ መስመር ባልነበረበት ሰሞን
ወረቀት ጻፍን። አሥራ ዘጠኝ ሆነን።
ደብሪቱ ፋሻዋን ፈታ በአውራ ጣቷ ፈረመች።
ቀለም ነው፣ ደም አይደለም፤ ታሪክ አላሳምርም።
መልስ አልመጣም።
አለቃው በመስታወቱ ያየናል፣ እኛም አንገት አልደፋንም፤
ደፍተን ከሆነም ስንሰፋ ነው።

ዛሬ ሺህ ሸሚዝ ታሽጎ ወጣ።
ወዴት እንደሚሄድ ማን ይነግረናል?
ምናልባት ከተማህ ከመጣ
አንገትጌውን ገልብጥ፦
አንዲት ስፌት በቢጫ ክር አለች፤
ስህተት መስላቸው ካልተፈታች
ከሺው እሷ የኔ ነች።
አትግዛው ግን።
ውድ ነው ይላሉ።